ሰው አለበት

ግንበኛው ከደረጃው ሥር ያለውን ግድግዳ በመዶሻው እጀታ ሦስት ጊዜ ቆረቆረው።

"ሰው አለበት!" አሉ አዛውንቱ ከሶፋው ላይ።

ግንበኛው ሳቀ። ሰፈሩ ሁሉ ቱንቢ ነው የሚለው፤ ያቺን ገመድ ላይ የምትንጠለጠል ብረቱን ቁልቁል ሳያወርድ በዓለም ላይ ምንም ነገር ቀጥ ያለ ነው ብሎ ስለማያምን ነው። "ጋሼ፣ ሽንት ቤቱ ገና ሳይሠራ ተያዘ እንዴ?" አለ።

ልጃቸው ግን አልሳቀችም። የአባቷን ቀልድ ታውቀዋለች፤ ይኼ ቀልድ አልነበረም። በር ሲንኳኳበት ከውስጥ ተደናግጦ እንደሚመልስ ሰው ነበር ያሉት።

ቱንቢ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ እንደገና ቆረቆረ። "ሆዱ ባዶ ነው" አለ። ከዚያ ሜትሩን መዘዘና በመጀመሪያ ከሳሎኑ በኩል፣ ቀጥሎ ዞሮ ከማድ ቤቱ በኩል ለካ። ተመልሶ እንደገና ለካ። "እህቴ፣ አንድ ሜትር ከሃያ የት አባቱ ገባ?"

"ምኑ?"

"ቤቱ። ከወዲያ ስለካውና ከወዲህ ስለካው አይገጥምም። በመሀል አንድ ሜትር ከሃያ ጠፍቷል።"

ሃያ ሁለት ዓመት መነጽር ቤት ውስጥ መስተዋት ስትቀርጽ የኖረች ሴት ናት። የግማሽ ሚሊሜትር ስህተት የሰው ራስ ሲያዞር እንደሚውል ታውቃለች። ባደገችበት ቤት ውስጥ አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ጎድሎ ሲኖር ግን አንድ ቀን ልብ ብላ አታውቅም።

"ለኛማ እሰየው ነው" አለ ቱንቢ። "የላይኛው ሽንት ቤት ፍሳሽ ቀጥ ብሎ የሚወርደው በዚሁ ነው። ግድግዳውን ከፍተን መቀመጫውን መትከል ብቻ ነው የሚቀረን።" ዋጋውን ነገራት። በልቧ ስታሰላው የሦስት ወር ደሞዟ ሆነ። "በጓሮ በኩል እንሥራው ካልሽ ደግሞ የሳሎኑን ወለል ሰንጥቀን፣ ቧንቧውን ቁልቁለት ፈልገንለት፣ አዲስ ጉድጓድ ቆፍረን ነው። ሦስት እጥፍ ያስወጣሻል።"

"በጓሮ ይሁን" አሉ አባቷ።

"አባዬ፣ የዘጠኝ ወር ደሞዜ ነው እኮ!"

"እንግዲያው ይቅር። ባልዲው ይበቃኛል።"

ባልዲው እንደማይበቃቸው ሁለቱም ያውቁታል። ግራ ጎናቸው ከከዳቸው ሁለት ወር ሆኗቸዋል። አልጋቸው ወደ ሳሎን ወርዷል፤ ሽንት ቤቱ ግን አሥራ አራት ደረጃ ላይ እንዳለ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስትመለስ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ የእጅ መደገፊያውን የሙጥኝ ብለው አገኘቻቸው። ወደ ላይ መውጣትም ወደ ታች መውረድም አቅቷቸው፣ ከረፋዱ ጀምሮ እዚያው ቀርተው፣ ሽንታቸው ሱሪያቸው ላይ ደርቆባቸው ነበር። አርባ ዓመት የሰው ልጅ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ስታጥባቸው እሳቸው ወደ መስኮቱ፣ እሷ ወደ ሳሙናው ሲያዩ ቆዩ።

"ጋሽ ቱንቢ፣ ቅዳሜ ይጀምሩ" አለች፣ የአባቷን ቃል ወደ ጎን ትታ።

"እሺ እማዬ፣ እንዳልሽ" አሉ አባቷ።

ከልጅነቷ ጀምሮ እማዬ ነው የሚሏት። ልጁን እማዬ የማይል አባት የት አለ? ዛሬ ግን ዓይናቸው እሷ ላይ አልነበረም። ግድግዳውን ነበር የሚያዩት።

ቅዳሜ ጠዋት ቱንቢ መጣና ልስኑን መቅረፍ ጀመረ። ጡቡ ብቅ ሲል ሥራውን አቁሞ ተንበረከከ።

"ይኼን ግንበኛ አልሠራውም" አለ። "ቱንቢ አላየም፣ የሲሚንቶ ማንኪያ አልነካውም። ነይ እዪ፣ ሲሚንቶው በእጅ ነው የተመረገው።" እውነቱን ነበር። በየጡቡ መካከል የአራት ጣት ፈለግ ተጋድሞ ደርቋል። "የቸኮለ ሰው ነው። ሲሚንቶ በባዶ እጅ ሲነካ ቆዳ ይበላል፤ ይኼ ሰውዬ አልተሰማውም።"

አባቷን ዞራ አየቻቸው። ሶፋው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተኝተዋል፤ ወይም የተኙ መስለዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል።

ቱንቢ መሮው ስለዶለዶመበት ሌላ ሊገዛ ወጣ። ሲወጣ ቆጣሪው ጋ ያለውን የውኃ መዝጊያ ጠርቅሞ ዘጋው፣ "ድንገት ቧንቧ ብመታ ዋና እንዳንማር" ብሎ። ቤቱ ጸጥ አለ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ በአቧራው ውስጥ ተንጋዳ ቆማለች። እሷም መጥረጊያዋን ይዛ ፍርስራሹን መሰብሰብ ጀመረች።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

መጥረጊያዋን ያዝ አደረገች።

ቆይቶ ደግሞ፣ ቋ፣ ቋ። ከግድግዳው ነው። ከፍ ብሎ አይደለም፤ ከታች፣ ከወለሉ ጠጋ ብሎ። እንደ መዶሻ የደረቀ አልነበረም። ደክሞት እየተወ እንደገና የሚጀምር ሰው ይመስላል።

"መጣሁ" አሉ አባቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "መጣሁ... መጣሁ።"

"አባዬ?"

የቧንቧ አየር ነው አለች ለራሷ። ውኃ ሲዘጋ ቧንቧ ውስጥ የቀረ አየር እንዲህ እንደሚያደርግ ሰምታለች። እንደዚያ ብላ ራሷን ካሳመነች በኋላም ቱንቢ እስኪመለስ ድረስ በረንዳ ላይ ቆየች። ፀሐይ ልትሞቅ ነው እንዳይባል፣ ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጣል።

ግድግዳው ብዙ አላስቸገረም። ሦስተኛው ጡብ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ የወደቀውም ባዶ ላይ አልነበረም፣ ሸክላ ላይ ነበር፣ ጥርት ብሎ ጮኸ። ከቀዳዳው የታሰረ አየር ተነፈሰባቸው። የሽንት ቤት ሽታ አልነበረውም። የሳሙና ነበር።

ቱንቢ ቀዳዳውን ሰው እስኪያሳልፍ አሰፋና በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ አየ። ብዙ ነገር የሚያወራ ሰው ነው፤ አሁን ግን ሾልኮ ገባና "እህቴ፣ ነይ" ብቻ አለ።

ውስጡ ያለቀለት ሽንት ቤት ነበር። መቀመጫው በቦታው አለ። እጅ መታጠቢያው ላይ የተሰነጣጠቀ ሳሙና፣ አጠገቡ ጥርሱ ሰፋ ያለ ማበጠሪያ። ምስማር ላይ ፎጣ ተሰቅሏል፤ ስትነካው እንደ እንጨት ደርቋል። ከመታጠቢያው በላይ ትንሽ መስተዋት አለች፤ መብራቱን ወደዚያ ስታዞር የራሷን ፊት አየች፣ ከራሷም ፊት ኋላ የአባቷን።

ጮኸች። ዘወር ስትል እውነትም ከኋላዋ ቆመዋል። ከደረጃው ቀን ወዲህ ያለ እሷ ትከሻ አንዲት እርምጃ ያልተራመዱት ሰው ግድግዳውን ይዘው፣ ከሶፋው እስከዚህ ብቻቸውን መጥተዋል።

"በሩን እዪው" አለ ቱንቢ ከውስጥ። በክፍሉ ደንግጣ የጮኸች መስሎት፣ እሳቸውን ገና አላያቸውም። "ግድግዳው ከበሩ ፊት ነው የተሠራው። በሩ ደግሞ እዚህ ተደግፎልሻል፤ መቀርቀሪያው እንደተቆለፈ፣ በማጠፊያው በኩል በመጥረቢያ የተገነጠለ። ይኼ ደግሞ ምንድነው?" መብራቱን ወደ በሩ ታች አወረደ። እንጨቱ በትንንሽ ስርጉዶች ተበሳስቷል፤ በረዶ የመታው ቅጠል ይመስላል። "የከዘራ ጫፍ ነው። ሁሉም ከጉልበት በታች ነው። ቆሞ የመታ ሰው እንዲህ ዝቅ አይልም። ተኝቶ..." ቀና ሲል አዛውንቱን አያቸውና ብድግ አለ።

"አያትሽ ናት" አሉ አባቷ።

"ሆስፒታል ሞተች አልነበር ያልከኝ?"

"ለእናትሽም እንደዚያው ነው ያልኳት። ያኔ አንቺን ወልዳ፣ እናቷ ቤት አራስ ነበረች። እኔና እማዬ ብቻ ነበርን።" በአገጫቸው ወደ ውስጥ ጠቆሙ። "ደረጃው ሲያቅታት ይኼን ክፍል አሠራሁላት። ያየው ሰው ሁሉ መረቀኝ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን አለ። እሷ ግን ታንኳኳ ነበር። ሳሙና አቀብለኝ ትላለች፤ ስሄድ ሳሙናው እጇ ላይ ነው። ድምፄን ለመስማት ነው የምታንኳኳው።"

"አባዬ፣ ተቀመጥ መጀመሪያ።"

"ያን ቀን የፈተና ወረቀት አርም ነበር። አንኳኳች። መጣሁ አልኩ። አንኳኳች። መጣሁ እማዬ አልኩ። አርባ ሦስት ወረቀት ቀርቶኝ ነበር። አንኳኳች፣ አንኳኳች፣ ከዚያ ዝም አለች።" ልጃቸውን አላዩም። "ዝም ስትል ደስ አለኝ።"

ቱንቢ መሮውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

"በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። እሷ ከኋላው ወድቃለች። ብገፋው የምገፋው እሷን ነው። መጥረቢያ ፍለጋ ስሮጥ፣ ስቆርጥ... ስደርስላት እጇ ገና ይሞቅ ነበር።" ግድግዳውን የያዘ እጃቸውን አዩት። "ከቀበርናት በሳምንቱ ወረቀቶቼን ይዤ ተቀመጥኩ። አንኳኳች። ፈቃድ ጠየቅኩና በሦስት ቀን ደፈንኩት። እንዳልሰማ ነበር።"

"ከዚያ በኋላስ? ትሰማ ነበር?"

"አንቺስ ጠዋት አልሰማሽም?"

"እሱማ የቧንቧ አየር ነው" አለች፣ ዓይኗን ወደ ቱንቢ ጥላ። አዎ ነው እንዲላት ነበር። ቱንቢ መብራቱን በእጅ መታጠቢያው ሥር ወዳለው የብረት ቧንቧ አዞረ። ጫፉ ተቆርጦ በእንጨት ተወትፏል፤ እንጨቱም በስብሶ አቧራ ሆኗል።

"እዚህ ውስጥ ውኃ ከገባ ዘመን የለውም" አለ ቀስ ብሎ።

ልትጠላቸው ይሁን ልታቅፋቸው አላወቀችም፤ ልቧ ሳይወስን እጇ ግን ብብታቸው ሥር ገብቶ ደግፏቸዋል። የሚከብዱ ሰው ነበሩ። አሁን የታጠበ ልብስ ያህል እንኳ አይከብዱም።

አባቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። "ሽንቴ አጣደፈኝ" አሉ በሹክሹክታ።

ሳሎን ወስዳ፣ መጋረጃውን ስባ፣ ባልዲውን አቀረበችላቸው። ቱንቢ ውጪ ወጥቶ ሲያስለው ይሰማታል፤ የሚያስለው ሳል ኖሮት አይደለም። አባቷ ስትደግፋቸው አለቀሱ፤ ለእናታቸው ይሁን ለባልዲው አልጠየቀቻቸውም። ሲጨርሱ አጥባ፣ አልብሳ፣ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻቸው።

ስትወጣ ቱንቢ ቆሞ ጠበቃት። "ልንገርሽ እህቴ፣ ብዙ ቤት አፍርሻለሁ። ከልስን ሥር የማይወጣ ጉድ የለም። ግን ይኼ..." ራሱን ነቀነቀ። "መልሼ ልድፈነው? የዛሬውን አልጠይቅሽም። በጓሮ በኩል ቀስ እያልሽ ትሠሪያለሽ።"

ዘጠኝ ወር ማለት ነው፤ አባቷ ዘጠኝ ወር አላቸው ወይ? ወደ ቀዳዳው አየች። ግድግዳው ቢከፈትም ጨለማው ያነሰ አልመሰላትም። አባቷ በየምሽቱ ከታች "እማዬ" ብለው ሲጠሩ፣ እሷ ላይ መኝታ ቤቷ ሆና እስኪተዉ የጠበቀችባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ጥቂት አይደሉም። ያን ለማንም አልተናገረችም፤ አሁንም አልተናገረችም።

"እዚሁ ይሠራ" አለች። "በሩ ግን ወደ ውጪ ይከፈት። መቀርቀሪያም አይኑረው።"

ቱንቢ ሜትሩን ዘረጋ። ምን እንደሚል ከመናገሩ በፊት ከንፈሩን ስለነከሰ አወቀችው። "ወደ ውጪ ከተከፈተ ከደረጃው ጋር ይጋጫል። የታችኛዎቹን አራት ደረጃዎች አፍርሼ በሌላ አቅጣጫ ማዞር አለብኝ። ሌላ ዋጋ ነው ይኼ።" ነገራት። የሁለት ወር ደሞዟ ነው፤ ከሦስቱ በላይ። "ደግሞ ሲሚንቶው እስኪጠና ሦስት ሳምንት ማንም ወደ ላይ አይወጣም። መኝታሽ ላይ አይደለም እንዴ?"

"ላይ ነው።"

"ታዲያ?"

ሶፋው ላይ አባቷ በቀኝ እጃቸው የግራ እጃቸውን ይዘው፣ ወደ ተከፈተው ግድግዳ ጆሯቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ትይዩ፣ በሳጥኑና በመስኮቱ መካከል፣ አንድ አልጋ የሚበቃ ቦታ አለ። ሜትር አላስፈለጋትም።

"ሜትርዎን ያስቀምጡና ከኔ ጋር ይውጡ" አለች መቀነቷን ጠበቅ እያደረገች። "አስቀድመን አልጋዬን እናውርደው። ከዚያ ደረጃውን ያፍርሱት።"