የሁንዴሳ አረማመድ

ላቀው ከሃንጋሪ ተምሮ ሲመለስ፣ ሌላው ሰው ፍሪጅና የቆዳ ጃኬት ሲያስጭን፣ እሱ አንድ ባለ ቀለም ቴሌቪዥንና ሮለሯ የወለቀ የጽሕፈት መኪና የምትመስል ትንሽ ኮምፒዩተር ይዞ ጎፋ እናቱ ቤት ገባ። እናቱ ወይዘሮ ትሩፋት ለጎረቤት ምን ብለው እንደሚያስረዱ ቸግሯቸው «የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው» ይሉ ነበር። ልጃቸው ከሥራ ሲመለስ ዕቃዋን ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኝና ጨዋታ ከካሴት ላይ እየጫነ ይጫወታል። ወሬው ጓድ ቦጋለ ጆሮ እስኪገባ ድረስ ማንንም አልጎዳም።

ጓድ ቦጋለ የከፍተኛው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው። ምንም ነገር ሲያይ ለበዓል እንዴት እንደሚሆን የሚያስብ ሰው ነበር፤ ዛፍ ቢያይ እንኳ የሚታየው መፈክር የሚሰቀልበት ቅርንጫፍ ነው። የሰባ ስምንት ክረምት ሲገባ ላቀውን አስጠራው።

«ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን የራሳችን ጨዋታ እንፈልጋለን» አለው። «የኛ ወታደር ወንበዴ ሲደመስስ። ኢምፔሪያሊስቶች ብቻ ናቸው እንዴ የሚጫወቱት?»

እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም። ላቀው ማሽኑን ማዘዝ ያውቅበታል፤ መሳል ላይ ግን እግዜር ነፍጎታል። የሳለው ወታደር ቁጭ ጃንጥላ ነው የሚመስለው። ይሄኔ ነው የእናቱ ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈውን ጥልፍ ልብ ብሎ ያየው። የጨርቁ ክር እየተቆጠረ በትንንሽ መስቀል የተሞላ ጥልፍ ነው፤ ጣዎሶቹ ሁሉ ከካሬ የተሠሩ ናቸው። «ይሄን ማነው የሠራው?» ቢል፣ «የመካኒሳዋ ቡዜ ናታ፣ የቀጄላ ልጅ» አሉት።

ቡዜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ነጥብ ሳይመጣላት ቀርቶ፣ በጥልፍ ቤቷን የምትደጉም ልጅ ናት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ለቴሌቪዥን ወታደር ሳዪልኝ የሚላትን ሰው ስቃ ትሸኘው ነበር። ያን ክረምት ግን ሳቅ ከቤታቸው ወጥቷል። ታናሽ ወንድሟ ሁንዴሳ በግንቦት ከወፍጮ ቤት ሲመለስ ታፍሶ ለብሔራዊ ውትድርና ማሰልጠኛ ገባ። ዱቄቱን የማያውቁት ሰው አምጥቶ በራቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ምልምሎቹ ከበዓሉ በኋላ ወደ ሰሜን እንደሚከፋፈሉ አገር ያውቃል።

ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሯ በፊት ላቀው ጓድ ቦጋለ ቢሮ ይዟት እንዲሄድ ለመነችው፤ ሄዳም ነገሩን ሳትቀባባ ተናገረች። ጓድ ቦጋለ አልተቆጣም። እንዲያውም ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት።

«ወታደሩ አምሮ፣ ወንበዴው አስጠልቶ ይታየኝ እንጂ የወንድምሽን ነገር ለኔ ተይው። ጋራዥ አስመድበዋለሁ፤ እዚሁ አዲስ አበባ።»

አመነችው። ባታምነውስ ምን ታደርጋለች?

ከዚያ በኋላ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር የመካኒሳን ጭቃ እየረገጠች ጎፋ ትመላለስ ጀመር። ጥልፍ አውቃለሁ ብላ በኩራት ነበር የተቀመጠችው፤ ኩራቱ የመጀመሪያውን ቀን አልዘለቀም። ላቀው በሰጣት ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ለወታደሩ ዓይን ሠራችለት፣ አፍንጫ ሠራችለት፣ የሸሚዙን ቁልፎች ሳይቀር ደረደረችለት። ላቀው የሞላቻቸውን ካሬዎች ወደ ቁጥር ለውጦ ማሽኑ ውስጥ ሲያስገባቸው ቴሌቪዥኑ ላይ የወጣው ሰው ሳይሆን የተደፋ ምስር ነው።

«ጥልፍ የሚታየው ተጠግቶ ነው» አላት። «ይሄ የሚታየው ከሩቅ ነው። ቁልፉን ተይው። ዓይኑንም ተይው፤ ከቆቡ ሥር አንድ ነጥብ ካጠቆርሽ ዓይን መኖሩን የሚያየው ሰው ራሱ ያውቃል።»

እሱ ምስሉን «ስፕራይት» ይለዋል፤ እሷ «ሰውዬው» ትለዋለች። ሰውዬውን ትሠራለች፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፣ እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ ትሄድና ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታየዋለች። አንድ ካሬ ከአገጩ ብታነሳ ልጅ ይሆናል፤ መልሳ ብታስቀምጥ ይጎለምሳል። አንድ ካሬ ጀርባው ላይ ብትጨምር ሽማግሌ ሆኖ ቁጭ። በጥልፍ አንድ መስቀል ብትሳሳት ማንም አይነቃባትም፤ እዚህ አንድ ነጥብ ሰው ይለውጣል። ይሄ ነገር መጀመሪያ አናደዳት፣ ኋላ ግን ያዛት። መንገድ ላይ ሰው ስታይ ስንት ነጥብ እንደሚበቃው ማሰብ ጀመረች።

መራመዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሰውዬው እንዲራመድ አራት ጊዜ ይሳላል፤ እግሩ ተከፍቶ፣ እግሩ ገጥሞ፣ ደግሞ በሌላው እግር ተከፍቶ፣ ደግሞ ገጥሞ። ማሽኑ አራቱን እያፈራረቀ ሲያሳይ ነው ሄደ የሚባለው። የሷ ሰውዬ ግን አይሄድም፤ ቆሞ ይርገፈገፋል። ላቀው ሳቀና በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተራመደ አሳያት። «ጭንቅላቴን እዪ። እግሬ ሲከፈት ዝቅ እላለሁ፣ ሲገጥም ከፍ እላለሁ።» ጭንቅላቱን በአንድ ካሬ ዝቅ ከፍ ስታደርገው እውነትም ሄደ። ግን የማንም ሰው አካሄድ አይደለም፤ ሰልፍ ላይ የሚሄድ ሰው አካሄድ ነው።

ቡዜ ቤቷ ገብታ ስታስብ አንድ ሰው ብቻ ነበር በዓይኗ የሚዞረው። ሁንዴሳ ከልጅነቱ ጀምሮ የቤታቸውን ወተት በጀሪካን ተሸክሞ ከተማ ሲያመላልስ ያደገ ነው፤ ጀሪካኑን ሁሌም በአንድ እጁ ስለሚይዝ አንደኛው ትከሻው ዘመም ያለ ነው። ባዶ እጁን እንኳ ሲሄድ የሆነ ነገር የተሸከመ ይመስላል። በማግሥቱ ከአራቱ ሥዕሎች በሁለቱ ላይ የአንዱን ትከሻ ካሬ አንድ ዝቅ አደረገችው። ላቀው ቁጥሩን አስገባ። ሰውዬው ከስክሪኑ ዳር ወጥቶ መሄድ ሲጀምር ቡዜ አፏን በእጇ ያዘች። ቆብ ያደረገ፣ አውራ ጣት የማያክል ሁንዴሳ ነበር። እናታቸው በሕይወት ብትኖር ከሩቅ ትለየው ነበር። ደስታ ነው ሐዘን ብላ ሳትለየው እንባዋ መጣ፤ ላቀውም አይቶ እንዳላየ ሻይ ሊያመጣ ወጣ።

ወንበዴውንም ጓድ ቦጋለ እንዳዘዘው አድርጋ ሠራችው፤ ጎባጣ፣ ጨብራራ፣ ቡትቷም። ሁሉም አልቆ ጳጉሜን ሲገባ ግን ላቀው ፊቱ ጠቁሮ ጠበቃት።

«የማሽኑ ሆድ ሞላ» አላት። «ሁለቱን አይችልም። ወይ የወታደሩን እርምጃ እናወጣና አንድ ሥዕል ብቻ ይሁን፤ እንደቆመ ይንሸራተታል። ወይ ወንበዴውን እናወጣና ያንኑ ወታደር ፊቱን ገልብጠን ቀለሙን እንቀይርለት። ይሄ ብዙ ቦታ አይፈጅም። አንቺ ምረጪ።»

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ቀላል ነበር። ጓድ ቦጋለ የጠየቀው ያማረ ወታደርና ያስጠላ ወንበዴ ነው፤ ስለ አረማመድ ያነሳው ነገር የለም። ለወንድሟ ያሰበች እህት እርምጃው ይውጣ ትላለች። ቡዜ ግን ያን ጊዜ ሰውዬው ላይ አንድ ክረምት የፈሰሰ እጇን ነው ያየችው፤ ትከሻው ዘመም ሲል ያለቀሰችውን ነው ያሰበችው።

«እርምጃውን አትንካው» አለች። «ቀለሙን ቀይረው።»

ወታደሩ አረንጓዴ ሆነ። ወንበዴውን ቀይ ማድረግ አይታሰብም፤ ቀይ የአብዮቱ ቀለም ነው። ቡናማ አደረጉት። በላቀው ቴሌቪዥን ላይ አረንጓዴውና ቡናማው ፊት ለፊት ሲገሰግሱ የሚያደናግር ነገር አልነበረም።

የበዓሉ ዕለት ላቀው ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ታክሲ ሊጠራ ሲል ጓድ ቦጋለ አስቆመው። «ይቺን ጢንጥዬ ነው ለእንግዳ የምታሳየው? የከፍተኛው አዳራሽ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ አይደል እንዴ!» የሚከራከረው ሰው አጣ። የአዳራሹ ቴሌቪዥን በእርግጥም ትልቅ ነበር፤ ቁም ሣጥን ያክላል። ጥቁርና ነጭ ነው።

ከበላይ የመጣው እንግዳ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ትዕግሥት ያለው የሚመስል ሰው ነበር። ካድሬው፣ የወጣቱና የሴቶቹ ማኅበር፣ የቀበሌው ሕዝብ ከኋላው ተኮልኩሏል። ላቀው ጨዋታውን ጫነ። ከስክሪኑ ግራና ቀኝ ሁለት ግራጫ ሁንዴሳዎች ትከሻቸውን ዘመም እያደረጉ ወደ መሐል መጡ።

እንግዳው መነጽሩን አስተካከለ። «የኛ የቱ ነው?»

«አረንጓዴው፣ ጓድ!» አለ ጓድ ቦጋለ።

«አረንጓዴ የታለ?»

 ሁለቱ ሁንዴሳዎች ሊገናኙ ሲሉ እንግዳው እንደተነገረው የመተኮሻውን ቁልፍ ተጫነ። አንደኛው ወደቀ፤ ሌላው አልፎት ሄደ። እንግዳው ዞሮ ጓድ ቦጋለን አየው። «አሁን ማንን ገደልኩ?»

ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ያቺ ሳቅ ሌላ ጠራች፣ ሌላዋም ሌላ፤ አዳራሹ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ።  እንግዳው አልሳቀም፤ ወደ እርሻ መሣሪያዎቹ ትርዒት ዞረ።

ጓድ ቦጋለ ሁለቱን ከመጋረጃው ጀርባ ይዟቸው ገባ። «ወታደርና ወንበዴ መንታ ናቸው? የአንድ እናት ልጆች ናቸው? ምን ማለታችሁ ነው?»

«ሥዕሉ የሷ ነው» አለ ላቀው ቀና ሳይል። «የኔ ማሽኑ ነው።»

ውሸት አልተናገረም። ቡዜ ግን በዚያች ሰዓት ጠላችው። ጥቁርና ነጩን ቴሌቪዥን ያመጣው ማን እንደሆነ አንደበቷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። «እናስተካክለዋለን፣ ጓድ» አለች። «ወንድሜን ብቻ...»

«እንግዳው በሳምንቱ ተመልሶ ያያል። ወታደሩን ቀጥ አድርጊው፤ ምንድነው እንደ ሰካራም የሚያዘምመው? ያን ጊዜ ስለ ወንድምሽ እንነጋገራለን።»

እንደተባለችው አደረገች። ባለ ካሬ ወረቀት እንደ ልብ ስለማይገኝ በዚያው ወረቀት ላይ ላጲስ ይዛ ሁንዴሳን ነጥብ በነጥብ አጠፋችው። አራቱ ሰውዬዎች አንድ ሆኑ፤ ትከሻው ተቃና፣ ደረቱ ተነፋ። ጎባጣው ወንበዴ ቦታው ተመለሰለት። ካሴትም ሌላ አልነበረም፤ ላቀው አዲሱን በአሮጌው ላይ ቀዳው።

እንግዳው በሳምንቱ አልመጣም። ጓድ ቦጋለ ብቻውን አየው። ወታደሩ እንደሚገፋ ቁም ሣጥን ቀጥ ብሎ ሲንሸራተት እጁን አጨበጨበ። «አሁን ወታደር መሰለ!»

«ሁንዴሳስ፣ ጓድ?»

«ማነው ሁንዴሳ?» ካለ በኋላ ትዝ አለው። «አዎ፣ ያ ልጅ! እነሱማ በበዓሉ ዋዜማ ተጭነዋል። አልነገሩሽም እንዴ?» ዓይኑን በጨው ታጥቦ ነበር የሚናገረው።

ዋዜማ ማለት ሕዝቡ ከመሳቁ በፊት ነው። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት፣ እሷም ላጲስ ከማንሳቷ በፊት ነው። ቡዜ እስከ መካኒሳ በእግሯ ስትሄድ ጓድ ቦጋለን ረገመች፣ ላቀውን ረገመች፤ አብዝታ የረገመችው ግን የገዛ እጇን ነው። ሁንዴሳን ሰሜን የወሰዱት እነሱ ናቸው። ከወረቀት ላይ ያጠፋችው ግን እሷ ናት።

ቤቷ ገብታ በጥልፍ ጨርቅ ላይ እንደገና ልትሠራው ተቀመጠች። ቆቡን ጀመረች፣ አገጩን አወጣች፣ ትከሻው ላይ ስትደርስ መርፌዋ ቆመ። ስክሪኑ ላይ ወዲያና ወዲህ፣ ፊቱም ተገልብጦ፣ በሁለቱም በኩል ሲያዘምም አይታዋለች። ቀኙ ነው ግራው? ዓይኗን ጨፈነች። ሁለቱም ይመጡባታል።

አባቷ አቶ ቀጄላ ደጅ ላይ ድርቆሽ እየከመሩ ነበር።

«አባባ፣ ሁንዴሳ የሚያዘምመው በየትኛው ትከሻው ነው?»

ሽማግሌው መንሻቸውን ጣሉት። የልጅ ምልክት የሚጠየቅበትን ጊዜ ያውቁታል፤ ባለፈው ዓመት ጎረቤታቸውን ነገሪን የልጁን ሞት ከማርዳታቸው በፊት ስለ ልጁ ጥርስ ነበር የጠየቁት።

«ሰው መጣ?» አሉ።

«ማንም አልመጣም። ለጥልፍ ነው፣ አባባ።»

«አትደብቂኝ። ሰው መጣ?»

ማለች፣ ተገዘተች፣ ጨርቁን አሳየቻቸው። አላመኗትም። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነውና ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ቀጄላ ከወፍ ቀድመው ይነሳሉ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቁጭ ይሉና መንገዱን ያያሉ። ፀሐይ ስትወጣ ወደ ከብቶቻቸው ይሄዳሉ። የትከሻውን ነገር አልነገሯትም፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችም።