ቆሞ የጠየቀ ጎረቤት

ይርጉ በሰው አገር፣ ግሬፕቫይን በምትባል ከተማ ካለ ሆቴል ወደ ኤርፖርት እንግዳ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ቫኑ ውስጥ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በላይ የተቀመጠለት ሰው የለም። በቀን መቶ ሰው ሰላም ይለዋል፤ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ወዳለው አፓርታማው ሲገባ ግን የሚሰማው የጎረቤቱን ሳል ብቻ ነው። ያ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከግድግዳው ማዶ ይስላል፤ መልኩን አይቶት አያውቅም። ይህም ኑሮ ከተባለ ነው እንግዲህ።

በ2008 መጀመሪያ ላይ ያለውን ሁሉ አሟጦ ከአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከሐይቅ ዳር፣ ቁራሽ መሬት ገዛ። አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ በረንዳ፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ደህና አደርክ የሚለው ሰው፤ ምኞቱ ይኸው ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ሰምቶ ነው ያደገው።

ችግሩ መሬቷ አጭር ናት። የከተማዋ ደንብ ከውሃው ጠርዝ እስከ መቶ ጫማ ቤት አይሠራም ይላል። ዳር ያለው ሸንበቆ ወፎች ጫጩት የሚፈለፍሉበት ነው፤ የጎርፍንም ኃይል ያበርዳል። የይርጉ ቤት መቶ ጫማ ከሸሸ አስፋልቱ ላይ ሊወጣ ነው። ስለዚህ ስድሳ ጫማ ላይ ለመሥራት ቫሪያንስ የሚሉትን፣ ከደንቡ ውጪ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ፣ መጠየቅ ነበረበት። የከተማዋ ጸሐፊ ማመልከቻውን ተቀብላ ለጎረቤት ሁሉ ደብዳቤ እንደሚላክ፣ የጎረቤት ቃልም ፈቃዱን በሚሰጠው ቦርድ ዘንድ እንደሚሰማ ነገረችው። በዚያ በኩል ጎረቤት ያሉት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ዶሪስ የሚባሉ።

ይርጉ ደስ አለው። ይኼማ የሚያውቀው ነገር ነው። በሱ አገር ትልቅ ጉዳይ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው፤ የተላከ ሽማግሌ ደግሞ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። አረፍ በሉ ቢሉት እንኳ መጀመሪያ ጉዳያችን ይለቅ ብሎ ይቆማል። መቆሙ አክብሮቱ ነው።

ሦስት የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቹን፣ መዝገቡን፣ ግዛቸውንና ኃይለ ማርያምን፣ ወደ ዶሪስ ቤት አብረውት እንዲሄዱ ለመነ። ሦስቱም እሺ አሉ፤ እሺ ማለት ምን ያስወጣል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግዛቸው ስልኩን አላነሣም። ኃይለ ማርያም ልጁን ኳስ ሊያጫውት ሄዷል። መዝገቡ እንኳ ደውሏል።

«ይርጌ፣ ሶሪ፣ ሺፍት ገባብኝ። ሶ፣ ኔክስት ዊክ ኮል አደርግሃለሁ፣ ኦኬ?»

የቦርዱ ስብሰባ ግን ሐሙስ ነበር። ይርጉ ነጠላውን አጣፍቶ በዚያው እሑድ ወደ ዶሪስ ብቻውን ሄደ፤ ሽማግሌውም እሱ፣ ባለጉዳዩም እሱ። አንድ እንጨት አይነድም ይባላል፤ ሃያ ዓመት በኖረበት ከተማ ከጎኑ የሚቆም ሦስት ሰው ማጣቱ መንገዱን ሙሉ አሳፈረው።

ዶሪስ እንደሚመጣ ቀድሞ ስለነገራቸው በረንዳቸው ላይ ሁለት ወንበርና ሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ሻይ አዘጋጅተው ነበር። ተቀመጥ አሉት። ይርጉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም አላቸው። ወንበሩን ሳብ አደረጉለት። ንቅንቅ አላለም። ሻይ ያዝ አሉት። አልነካም። የሴትዮዋ ፊት ሲቀየር ቢያይም ጉዳዩ ከብዷቸው ነው ብሎ ገመተ። በመጨረሻ አስብበታለሁ ብለው ገቡና በሩን ዘጉ። እሱም ወጉን በደንብ አደረስኩ ብሎ እየተደሰተ ተመለሰ። በአገር ቤት አስብበታለሁ ማለት ግማሽ እሺ ነው።

ሐሙስ ይርጉ የቤቱን ሥዕል አሳይቶ ከጨረሰ በኋላ ዶሪስ ተነሡ።

«ደብዳቤው ሲደርሰኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ በዚያ በኩል መብራት አይቼ አላውቅም። ሸንበቆውን ይቆርጠው እንደሆነ ልጠይቀው ሻይ አቀረብኩለት። እሱ ግን አጠገቤ ሊቀመጥ እንኳ አልፈቀደም። በላዬ ላይ ቆሞ እሺ በይ አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ለእነዚያ ወፎች ያዝናል ብዬ አላምንም።»

ሰብሳቢው መልስ እንዳለው ይርጉን ጠየቁት። መልስማ ነበረው። ግን እናቱን የሚያህሉ ሴት በአደባባይ ተሳስተዋል ማለት እንዴት ይቻላል? ይሉኝታ ያዘው። የለኝም አለ። ቦርዱ በአንድ ድምፅ ከለከለ።

ቅዳሜ ከተማዋ መሬቱ ላይ የተከለችውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ሊነቅል ሄደ። ዶሪስ በረንዳቸው ላይ ናቸው፤ ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነው። ሰሌዳውን እንደያዘ ወደ በረንዳው ወጣና ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

«ሸንበቆውን አልቆርጠውም ነበር» አላቸው። «መሬቱን የገዛሁት እሱን አይቼ ነው። በእኛ ዘንድ የሚለምን ሰው እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ንቄዎት አልነበረም።»

ዶሪስ ወደ እሱ ዞሩ።

«ታዲያ ዛሬ እንዴት ተቀመጥክ?»

ይርጉ ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አስተኛው።

«ዛሬማ የምለምነው የለኝም» አለ።