ሦስተኛዋ ክር

ትንሽ ብቻ፣ ግማሽ ዙር እንኳ ሳትሞላ፣ መጀመሪያ ስድስቱንም የጊታር ክሮች በስልኳ እየለካች ትቃኛለች፣ ከዚያ ሦስተኛዋን ለብቻዋ ታላላታለች፣ በጣም ከላላች ማንም ደንቆሮ ይሰማዋል፣ ትንሽ ስትሆን ግን የምትሰማው ጆሮ ላለው ሰው ብቻ ነው፣ ጆሮ ያላት ደግሞ ይቺውና አልጋዋ ላይ ተጋድማለች፣ ቀኝ ጎኗ ከድቷት፣ ምላሷ ታስሮ። እናቷ።

ልምምዱ ሃያ ደቂቃ ነው፣ በየቀኑ፣ ከሥራ መልስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። አምስት ደቂቃ ጣት ማፍታታት፣ አምስት ደቂቃ ከአንዱ ኮርድ፣ ከአንዱ የጣት አያያዝ፣ ወደ ሌላው መሸጋገር፣ አሥር ደቂቃ መዝሙር። ጽፋ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጥፋዋለች፣ ከአልጋው ትይዩ፣ እናቷ ዐይኗን በገለጠች ቁጥር እንድታየው። አርባ ቀን፣ አርባ ምልክት፣ አንድም አልዘለለችም፣ የጀመረችውን አትጨርስም የተባለችው እንግዲህ ይቺ ናት። ቀኑን ሙሉ የውሃ መሥሪያ ቤት ስልክ ላይ ተጥዳ የሰው ብሶት ስትሰማ ትውላለች፣ እሺ ጌታዬ፣ እሺ እመቤቴ፣ ቧንቧው ፈንድቶ ነው፣ ልቧ ግን እዚህ ወንበር ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጣቶቿ አብጠው ማንኪያ መያዝ አቅቷት ነበር፣ አሁን ጫፋቸው ደድሯል፣ መርፌ ቢወጋቸው ግድ የላቸውም።

በሳምንት ሁለቴ የምትመጣው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ እናትሽ ታድለው ትላታለች፣ እንዲህ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል፣ ሙዚቃ እኮ መድኃኒታቸው ነው፣ እንዳታቋርጪ እህቴ። ምን በወጣኝ አቋርጣለሁ። ታዲያ ስጫወት ፊቷ ለምን ይጨማደዳል ስትላት፣ ደስ ብሏቸው ነዋ! ሞኝ።

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ አስተማሪ፣ ይሄንኑ ጊታር ታቅፋ፣ ስልሳ ልጅ ተሰልፎ እየዘመረ በድንገት እጇን አነሳች፣ ጸጥ፣ መሃላችሁ አንድ እንጨት አለ አለች፣ በየተራ ጆሮዋን እያስጠጋች መጣች፣ መጣች፣ እሷ ጋ ስትደርስ ቆመች። አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ፣ ድምፅ እንዳታወጪ። ስልሳው ሳቀ፣ ፊት መስመር ላይ የቆመው ወንድሟ ከሁሉም አብልጦ ሳቀ። እማዬ አላለችም፣ እዚያ እማዬ የለም፣ እሺ ቲቸር አለች። በወላጆች ቀን አዲስ ቀሚስ ለብሳ አፏን ስትከፍት ስትዘጋ ዋለች። ቤትም፣ ጊታሩ ቁም ሳጥን ላይ ነው፣ እንዳትነኪው፣ ምን ያደርግልሻል፣ ትላት ነበር። ነካችው እንግዲህ። አሁን አፏን የምትከፍት የምትዘጋው ማን ሆነች?

ስልኩ ይጮሃል፣ ክሯን ልታላላ እጇን እንደሰደደች፣ ወንድሟ፣ እማዬ እንዴት ናት፣ ሳሚልኝ፣ ልመጣ አስቤ ሥራ በዛብኝ፣ አንተ ደግሞ መቼ ሥራ ቀንሶልህ ያውቃል፣ እሺ ቻው። ንዴቷ እጇ ላይ ነው፣ ማፍታታቱን ቶሎ ቶሎ፣ ኮርዶቹን ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ መዝሙሩ፣ ያው የያኔው መዝሙር፣ ሌላ መርጣ አታውቅም።

ምንድን ነው ይሄ? ይገጥማል። ድምፁ አይቆረቁርም፣ ከእጇ ሥር ሞልቶ ይወጣል፣ ቀና ትላለች፣ የእናቷ ግንባር ተፍታቷል፣ ዐይኗ ረጥቧል፣ የዳነው የግራ እጇ ጣት የአልጋውን ብረት ይመታል፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አርባ ቀን ሲመታ ነበር ይሄ ጣት፣ በቃሽ፣ ማሪኝ፣ የሚላት እየመሰላት ስንት ቀን ልቧ ቅቤ ጠጣ፣ ለካ ልመና አይደለም፣ ምት ነው፣ ቀድሞ ይመታል፣ ጊታሩን የያዘው የልጅቷ እጅ ይከተለዋል፣ ስትፈጥን ይይዛታል፣ ስትጎተት ይጠራታል። አርባ ቀን ሙሉ ስታስተምረኝ ነበር! እኔ ሳሠቃያት እሷ ስታስተምረኝ፣ እና ክሯን፣ ክሯን ዛሬ ሳላላላ ረሳሁ፣ ይኸው ደስ ብሏታል። ደስ እንዲላት ማን ፈቀደ?

ክሯን ታላላለች፣ ትንሽ፣ እንደ ወትሮው። ትመታለች።

የእናቷ አይደለም፣ የራሷ አንገት ሰውነቷ ውስጥ ይገባል። ጥርሷን ነከሰች እንዴ? የላላችውን ክር እስከ ዛሬ ስልኳ በሚያሳያት ልኬት እንጂ በጆሮዋ አውቃት አታውቅም፣ አሁን ትሰማታለች፣ የበሰበሰ ጥርስ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። እንደገና ትመታለች፣ እንደገና ያማታል። ጆሮ አላት። እንጨት አይደለችም፣ ጆሮ አላት፣ ሮጣ ለአንድ ሰው ብትነግር፣ ለማን፣ ይሄ የሚገባው ሰው በዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው።

እናቷ ጊታሩን አታይም፣ የልጇን ፊት ነው የምታየው፣ ልጇ መስማቷ ገብቷታል፣ የሚታዘዛት የከንፈሯ ጫፍ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል። ክሯን መልሳ ማጥበቅ ትችላለች፣ አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ማድረግ ነው፣ ግን ያኔ እናቷ ደስ ይላታል። ሰባት ደቂቃ ይቀራል፣ ማቋረጥ የለም። ጠቅ ይላል ብረቱ፣ ትመታለች፣ ጠቅ፣ ትመታለች፣ አሁን የምትጨማደደው ልጅቷ ብቻ ናት።