የሙሽራዋ አባት

አብዱልገኒ ጎሮ ካለው ግቢዬ አንዷን ክፍል የተከራየው በ1990 ዓ.ም.፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ሰው ገድሎ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ነበር። ሃያ ዓመት ታስሮ በአመክሮ ወጣ። ክፍሏን የፈለገለት ታናሽ ወንድሙ ሐሩን ነው። ሐሩን ቦሌ ሰፊ ቤት አለው፤ ለምን እዚያ እንዳልወሰደው አልጠየቅሁም። ሰው ሲፈልግ ይናገራል። ሲመሽ ግን አብዱልገኒ «ሐምዛ፣ በሩን ከውጭ ቆልፍልኝ» ይለኛል። ካልተቆለፈበት እንቅልፍ አይወስደውም።

ከኢድ በኋላ ሐሩን መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ጫማውን እያየ፣

«ወንድም ጋሼ፣ ሳና ልታገባ ነው» አለው።

ሳና የአብዱልገኒ ልጅ ናት። ሲታሰር ገና ዳዴ ትል ነበር፤ ያሳደጋት ሐሩን ነው።

«አልሐምዱሊላህ!» ከአልጋው ብድግ አለ። «ሽማግሌ መጣ? ማን ተቀበለ?»

«እኔ ነኝ። አባቷ ሞቷል ብዬ።»

አብዱልገኒ ተመልሶ ተቀመጠ።

«የነፍሰ ገዳይ ልጅ ማን ያገባል ብዬ ነው» አለ ሐሩን። «ለጎረቤቱም ከድሮ ጀምሮ ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን አንተ በሕይወት እያለህ ያለፈቃድህ ኒካሕ ለማሰር አላህን ፈራሁ። ውክልና ስጠኝ፤ ሐምዛ ይመስክር።»

«ለኒካሑ አለሁ፣ ለሰርጉ ሞቻለሁ በለኛ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም። «እሷስ ምን አለች?»

«አለቀሰች። አባባ ይፍቀድልኝ አለች።»

«አባባ ነው ያለችው?»

«አዎ።»

እኔ ውሸቱ ከብዶኝ፣ «እውነቱን ብትነግሯቸውስ?» አልኩ።

«ተወው ሐምዛ። ሰው የገደልኩት እኔ፤ እሷ ምን አደረገች?» አለና ወደ ወንድሙ ዞረ። «ወክዬሃለሁ። ብቻ ልምጣ። ከኋላ እቀመጣለሁ።»

እሑድ በሐሩን ግቢ በተጣለው ድንኳን ውስጥ አብዱልገኒ ከጎኔ ተቀመጠ። ምስክር ነበርኩና ከአንድ ሽማግሌ ጋር የሙሽራዋን ፈቃድ ልሰማ ወደ ጓዳ ገባሁ። ፈቅጃለሁ አለች። ሽማግሌው ቀድመውኝ ሲወጡ እጅጌዬን ያዘችኝ።

«የቱ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

መልኩን እንኳ አታውቀውም። ወሬው እንዳይወጣ ተብሎ አንድ ቀንም እስር ቤት ወስደዋት አያውቁም። የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥ አደረግሁላት።

«ምሰሶው ሥር፣ ግራጫ ኮት የለበሰው።»

ኮቱ የእኔ ነው፤ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ሳና ከመስኮቱ አልተንቀሳቀሰችም። ትቻት ወጣሁ።

ኒካሑ ታሰረ። ከሙሽራው ወገን የመጡት ሸኽ ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ። ሁላችንም ዘረጋን።

«ይህችን ቀን ሳያይ የሞተውን አባቷን አላህ ይማረው፤ ቀብሩን ያስፋለት» አሉ።

ድንኳኑ በሙሉ «አሚን» አለ። አብዱልገኒ ዝም አለ። ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ዞር ብሎ አየው።

«አሚን» አለ አብዱልገኒ።

ሰዉ ፊቱን በመዳፉ አብሶ እጁን አወረደ። እሱ አላወረደም። ምግብ እስኪቀርብ ድረስ መዳፎቹ ፊቱ ላይ ነበሩ።