የኢታና ደም የተናገረው

ባሌን ተደብቆ ሲጋራ ሲያጨስ ያዝኩትና እልል አልኩ። ከየካ እስከ እንጦጦ እንዲህ ያደረገች ሌላ ሚስት ያለች አይመስለኝም። ስለዚህ እብድ ነች ከመባሌ በፊት ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ባሌ ኢታና ይባላል። ጊዜው የደርግ ነው፣ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት። ቤተ ክርስቲያናችን ስለታሸገች እኛ አማኞች የምንሰበሰበው በየቤቱ ተደብቀን ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ተራው የእኛ ቤት ነው፤ ሾላ ገበያ ጀርባ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን በሹክሹክታ እንዘምራለን። ኢታና የዚያ ኅብረት ሽማግሌ ነበር። እኔ አሳየች ደግሞ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። ምላሷም እንደ በርበሬዋ ነው ይሉኛል። ይበሉ።

በዚያው ዓመት ኢታና ሲጸዳዳ ደም ያይ ጀመር። ሐኪሙ ዶክተር ሣህሌ መርምሮ የትልቁ አንጀት ካንሰር መሆኑን ነገረኝ። የነገረው ለእኔ ነው፣ ለኢታና አይደለም። በእኛ ዘንድ በሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገረውም፤ ቤተሰብ ወደ ጎን ተጠርቶ ይሰማል፣ ዓይኑን ይጠርጋል፣ ፈገግ ብሎ ይመለሳል። እኔም ዓይኔን ጠርጌ ተመለስኩና "ኪንታሮት ነው" አልኩት።

ኦፕራሲዮኑ ሊገድለው ምንም አልቀረውም ነበር። ደም ፈሰሰው፣ ቁስሉ አመረቀዘ፣ ከአልጋ ለመነሳት ወራት ፈጀበት። ዶክተሩ ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነገረኝ። ይህ ካንሰር ወደ ደም የሚለቀው ነገር አለ፤ እዚህ የሚለካበት መሣሪያ ስላልነበረ ደሙን በበረዶ አሽጎ ውጭ አገር ላለ ወዳጁ ይልከዋል። "ቁጥሩ ወርዶ ከቀረ ጥሩ ነው። ተመልሶ ከወጣ ግን ገና ሳያማቸው ደማቸው ይነግረናል" አለኝ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት አርባ ነበር። ገና ከአልጋው ሳይነሳ ሲለካ ሦስት ሆነ። ያን ዕለት በደስታ የምገባበት ጠፍቶኝ ለገዢ ሁሉ በርበሬውን እያትረፈረፍኩ ስሰፍር ዋልኩ። ለኢታና ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ ኪንታሮት ቁጥር የለውማ።

በዓመቱ ጥር ላይ ለምርመራ ተመለስን። የእኛ ሰው ሆስፒታል ብቻውን አይሄድም፤ ወንድሞችና እኅቶች አጅበውን ክፍሉ ጢም አለ። ሌላው ሽማግሌ አቶ በዳዳ ኢታና አጠገብ ቆመዋል። ዶክተር ሣህሌ ከውጭ የመጣውን ውጤት አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

"አቶ ኢታና፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?"

"ጌታን ሳልቀበል በፊት አጨስ ነበር። አሁን አላጨስም።"

"ለዚህ እኔ ምስክር ነኝ" አሉ አቶ በዳዳ።

እኔም ጥያቄው አናደደኝ። የጸሎት ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?

ዶክተሩ በዓይኑ ጠቀሰኝ፣ ኮሪደር ወጣን። "ስምንት ገብቷል" አለኝ። "የሚያጨስ ሰው ቢሆን ቁጥሩ እስከዚህ ከፍ ሊል ይችላል። እሳቸው ካላጨሱ ግን ካንሰሩ ተመልሷል ብዬ ነው የምፈራው። ሳይሰራጭ ሆዳቸውን እንደገና ከፍተን ማየት አለብን።"

"ይችለዋል ዶክተር?"

"እኔንም የሚያሰጋኝ እሱ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይተኙ።"

ስመለስ ኢታና "ምን አለሽ?" አለኝ። "ኪንታሮቱን ትንሽ ሊያስተካክሉት ነው" አልኩት። ብዙ አየኝና "እሺ" አለ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመስ አለኝ። ኢታና በእግሩ መሄድ ከጀመረ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ይወጣል፤ ጫካው ውስጥ እጸልያለሁ ይላል። አንድ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ወጥቼ ቁልፉን በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። ሰውን ኪንታሮት ነው ብዬ አታልዬ እንዴት ለቢላዋ እሰጠዋለሁ? የመጣው ይምጣ፣ እነግረዋለሁ ብዬ ተከተልኩት።

ዳገቱ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኘሁ። ረጅም ቀጭን ሰው አይተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ያንን የሚያጨሰውን ነው?" አለች አንዷ።

"አይ፣ የእኔስ የሚጸልይ ነው።"

"እዚያ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እናቴ" ብላኝ ሸክሟን አስተካክላ ወረደች።

ኢታናን ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። መጽሐፍ ቅዱሱ ጭኑ ላይ፣ ሲጋራው ጣቱ ላይ። ሲያየኝ ብድግ አለና ሲጋራውን እንደበራ ኪሱ ከተተው። ከኮቱ ጭስ ይወጣ ጀመር። እኔ ደሜ ፈላ። አስመሳይ፣ አዋራጅ፣ ያልኩትን ሁሉ ብደግመው ይህ ወረቀት አይችለውም። መሀል ላይ ግን ዶክተሩ ያለኝ ትዝ አለኝና አፌ ተያዘ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከአልጋ ከተነሳሁ ጀምሮ።"

"በቀን ስንት?"

"ፓኮውን እጨርሰዋለሁ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

ያኔ ነው እልል ያልኩት። ጫካው እስኪያስተጋባ። ከታች ያሉት እንጨት ተሸካሚዎች ምን እንደተገኘ ሳያውቁ እልልታዬን ተቀበሉኝ።

"አሳየች፣ ምን ነካሽ?" አለ፣ ኪሱን በእጁ እየደበደበ።

አስቀመጥኩትና ሁሉንም ነገርኩት። ካንሰሩን፣ አርባውን፣ ሦስቱን፣ ስምንቱን፣ ቢላዋውን።

"ኪንታሮት አለመሆኑንማ አውቄ ነበር" አለ። "ለኪንታሮት ማኅበረ ምእመኑ ሁሉ አይጾምም። ሁላችሁም ስታዩኝ ዓይናችሁን ትሰብራላችሁ። ልሞት መሆኑን እንኳን የሚነግረኝ ሰው ሳጣ ፍርሃቱን የማስታግስበት ቸገረኝ።"

አለቀስኩ። እኔ ዝም ስል እሱ አጨሰ፣ እሱ ሲያጨስ ቁጥሩ ወጣ፣ ቁጥሩ ሲወጣ እኔ የባሰ ዝም አልኩ። ባሌን ሊያሳርደው የነበረው ይኸው ነው።

ወዲያው ወርደን በውይይት ታክሲ ወደ ሆስፒታል ሄድን። ኢታና ራሱ "ዶክተር፣ ዋሽቼዎታለሁ፣ አጨሳለሁ" አለ። ዶክተሩ በረጅሙ ተነፈሰ። "ይህ ካንሰሩ አልተመለሰም ማለት አይደለም" አለ። "ሲጋራውን ያቁሙ፣ ደምዎን እንደገና እንልካለን። ከወረደ ኦፕራሲዮኑ ይቀራል። ካልወረደ ግን እከፍትዎታለሁ።"

ሐሙስ ኅብረቱ ፊት ቆሞ ተናዘዘ። ከሽማግሌነት ለጊዜው አገዱት። አቶ በዳዳ ግን ራሳቸውን ይዘው "በእኔ ምስክርነት ሊታረድ ነበር እኮ" እያሉ እስከ ማታ ሲብሰለሰሉ ቆዩ። ሲጋራ ባማረው ቁጥር ቅርንፉድ ሰጠሁት፤ ያን ሰሞን ከሱቄ ቅርንፉድ የሸጥኩት ትንሽ ነው፣ የተቀረውን እሱ አኝኮታል። ነጭናጫ ሆኖ ቤቱን ቢያምሰውም ቻልኩት። አንዲት ሲጋራ እንኳ አልነካም።

ውጤቱ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ክፍሉ እንደ ልማዱ ሞላ። ዶክተሩ ውጤቱን አየ። ፊቱ ምንም አይናገርም። ከዚያ እንደ ድሮው በዓይኑ ወደ ኮሪደር ጠቀሰኝ። ከወንበሬ ግን አልተነሳሁም።

"ለእሱ ይንገሩት ዶክተር" አልኩ። "ደሙ የእሱ ነው።"

ሰዉ ሁሉ ደነገጠ። አቶ በዳዳ ሳል ያዛቸው። ዶክተር ሣህሌ ትንሽ አመነታና ወንበር ስቦ ኢታና ፊት ተቀመጠ።

"አቶ ኢታና፣ በትልቁ አንጀትዎ ላይ ካንሰር ነበረብዎ። አውጥተነዋል። ስምንት የነበረው ቁጥር አሁን ሁለት ገብቷል። ኦፕራሲዮን አያስፈልግዎትም። ደምዎን እየተከታተልን እናያለን፣ ዛሬ ግን ደህና ነዎት።"

ኢታና ወደ ዶክተሩ ጠጋ አለ።

"ዶክተር፣ እባክዎ ይድገሙልኝ" አለ። "ስለ ራሴ በሰው ሁሉ ፊት ሲነገረኝ ገና የመጀመሪያዬ ነው።"

ዶክተሩም ከአርባው ጀምሮ ይነግረው ጀመር። እኔ ያን ጊዜ ተነስቼ ኮሪደር ወጣሁ፤ ስንት ጊዜ ዓይኔን ጠርጌ የተመለስኩበት ቦታ ላይ ቆሜ እልልታዬን አቀለጥኩት።