ቢጫዋ አፏን እንዳትከፍት

ሐሙስ ጠዋት መብራት ሲጠፋ የአኳሪየሙ አየር ፓምፕም አብሮ ዝም አለ። የመጥፊያ ፈረቃችን አልነበረም። ውስጡ ዘጠኝ የማላዊ ሐይቅ ዓሦች አሉኝ፤ በድንጋይ ስንጥቅ የሚኖሩ፣ ጠበኞች። አንዷ፣ ቢጫዋ፣ አሥራ ስምንት ቀን ምግብ ሳትቀምስ ልጆቿን በአፏ ይዛለች። ሦስት ቀን ከታገሠች ለብቻዋ አወጣትና ትተፋቸዋለች። አየር ካጠራት ግን አፏን ትከፍታለች፤ የሚወጣውን ሌሎቹ ይውጡታል።

ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። ሳሪስ ኢንተርኔት ቤት ባሳተምኩት ወረቀትና በመዝገበ ቃላት የተማርኩት ራሴ ነኝ።

ውሃውን በጆግ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ አፈሰስኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ክንዴ ዛለ፤ ዓሦቹም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ያላውሱ ጀመር።

የሚያድናት የተነፋ የጎማ ከመነዳሪ ነው፤ ቱቦ ተሰክቶበት ቀስ እያለ አየር የሚለቅ። እሱ ያለው ከአጥራችን ማዶ፣ ጎሚስታው ጋሽ ዱጉማ ዘንድ ነው። ትናንት «ዓሣዋ ስለማትበላ ታማለች፣ ሌሎቹን ሳትበክል ጣያት» ሲሉኝ፣ «አንቱ ጎማዎን ይጠግኑ፣ ነፍስ ያለውን ለሚያነብ ይተዉ» ብያቸዋለሁ። ጎማ ሊያስጠግኑ የቆሙት ሹፌሮች ስቀውባቸዋል።

ሄድኩ። የሲኖትራክ ጎማ እየፈቱ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«ጋሽ ዱጉማ፣ አንድ የተነፋ ከመነዳሪ ያውሱኝ።»

«ዋና ልትለማመጂ ነው?»

የመኪናው ሹፌር ሳቀ። ንቀቱን ዋጥኩትና ቢጫዋን አየር እንዳጠራት ነገርኳቸው።

«ታማለች ስልሽ ፕሮፌሰር ነበርሽ።»

«አልታመመችም። ግን ብቻዬን ላድናት አልቻልኩም።»

ይህን ከምል ያንን ጎማ በጥርሴ ብፈታ ይቀለኝ ነበር።

እጃቸውን በቱታቸው ጠርገው ትልቁን ከመነዳሪ ተሸክመው ወደ ቤቴ ቀደሙኝ። የአኳሪየሙን ቱቦ የከመነዳሪው ቫልቭ ላይ አሰሩ፤ አየሩ በአንዴ እንዳያልቅ ቱቦውን በሽቦ ጠምዝዘው አጠበቡት። አረፋው ገና ሊነሣ ሲል ቢጫዋ አፏን ከፈተች። ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ ዓይኗ ጥቁር ዓሣ ወጣች። ሰማያዊው ወንድ ዓሣ ከድንጋዩ ሥር ተወርውሮ ዋጣት።

ጋሽ ዱጉማ ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉ።

«ስንት ቀሯት?» አሉ በሹክሹክታ።

«አላውቅም።»

ይህን ቃል ከአፌ ሲወጣ የሰሙ የመጀመሪያው ሰው ናቸው።

አረፋው ተንዶቀዶቀ። ቢጫዋ አንዴ ተናጠች፤ ከዚያ አፏን ገጥማ ወደ ስንጥቋ ገባች። ጉሮሮዋ አሁንም እንደ ከረጢት አብጧል።

ከመነዳሪው መለስለስ ሲጀምር በጉልበታቸው ተጫኑት። ከውጭ ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ።

«ይጠብቅ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳይነቅሉ። «ሮጥ በይና ሌላ ከመነዳሪ አምጪ። እኔ ጋ ግድግዳው ላይ ነው። ቀዩን እንዳታነሺ፣ ቀዳዳ ነው።»