ለቦታ መያዣ የገባች ፎቶ

የኮሌጁ የተማሪዎች መጽሔት ሽፋን ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። ሽፋን ማለት እንግዲህ አንድ ገጽ ነው። ያቺ አንድ ገጽ ግን የደመናውን አንጀት አሳረረችው።

ደመናው የወጣለት ስም ነው። ያወጣለትም የሚሠራበት ማተሚያ ቤት አለቃ ነው። ወረቀት መቁረጫው ማሽን ላይ አቁሞት፣ እሱ ግን በመስኮቱ አሻግሮ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ባገኘው ቁጥር፣ “አንተ ደመናው! አንድ ቀን ጣትህ ይሄድና ለምሳ እጅህን ስትታጠብ ነው የምታውቀው!” ይለዋል። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰ ትምህርቱ እዚያው ላይ ቆሟል። የሥዕልና የፊደል ነገርን ግን ማንም ሳያስተምረው፣ ሰው ምሳ ሲወጣ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ እየተቀመጠ ለመደው። አለቃው ይህን አይቶ ነው፣ “ይህችን ሽፋን ካስወደድክልኝ ከመቁረጫው አንስቼ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጥሃለሁ። ካላስወደድክልኝ ግን እዚያው ከማሽንህ ጋር ትሸመግላለህ” ያለው። ደመናው ያን ቀን ወደ ቤቱ የሄደው መሬት ሳይረግጥ ነው።

ሽፋኑን ማስወደድ የነበረበት ለሦስት ሰዎች ነው፤ ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ምክትል ዲኑ ቁም ነገር ይወዳሉ። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ መጽሐፍ ይወዳሉ። የተማሪዎቹ ተወካይ ደግሞ ራሱን ይወዳል።

ደረጃ ላይ የተቀመጠ የተማሪ ቦርሳ አሳያቸው። “ባለቤቱ የት ሄደ? ትምህርቱን አቋርጧል ማለት ነው?” አሉ ምክትል ዲኑ። ዛፍ ሥር የሚስቁ ተማሪዎች አሳያቸው። “ምን ያስቃቸዋል? የተዘጋ መጽሐፍ ይዞ የሚንከተከት ሰው በዕድሜዬ አላየሁም” አሉ ኃላፊዋ። ፎቶውን ሁሉ ትቶ ደማቅ ቢጫ ላይ ትልልቅ ፊደል ብቻ ደረደረ። ይኼኔ ተወካዩ ከረባቱን አስተካክሎ ተነሣ።

“ወንድማችን፣ የተማሪው ማኅበረሰብ ከዚህ የላቀ ወጣታዊ ነገር ይጠብቃል።”

“ወጣታዊ ማለት ምን ማለት ነው?”

“እሱን እንግዲህ ባለሙያው አንተ ነህ።”

ቀለሙን ለወጠ። አረንጓዴው ያሳዝናል ተባለ፣ ቀዩ ይቆጣል ተባለ፣ ሰማያዊው የባንክ ይመስላል ተባለ። ደመናው “እሺ” እያለ ይወጣል፤ ከበሩ ውጭ ግን ግድግዳውን በእግሩ ነካ ያደርገዋል። ግድግዳው ምን አደረገ? ምንም። ግን ሌላ ማንን ይምታ?

ለቀጣዩ ስብሰባ ፊደሎቹ የት የት እንደሚያርፉ ብቻ ሊያሳያቸው አሰበ። ዋናውን ፎቶ በሚቀጥለው ሳምንት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያነሳል። የፎቶውን ቦታ ባዶ ትቶ ቢቀርብ ደግሞ፣ ሦስቱም “ሥዕሉስ?” ብለው እንደሚነሱበት ያውቃል። ስለዚህ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር እንዳይያዝበት ሹራቡን ጣል አድርጎ እንደሚወርድ ሰው፣ ስልኩ ውስጥ በመጀመሪያ ያገኛትን ፎቶ ጣል አደረገበት።

ፎቶዋ የታናሽ እህቱ ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ፣ ጉንጯን የተከፈተ መጽሐፍ ላይ አስደግፋ ተኝታለች። አፏ ገርበብ ብሏል። እስክሪብቶው ከጣቷ አልወጣም፤ እንቅልፍ ሲጥላት ግን ገጹ ላይ ረጅም ጠማማ መስመር ስቦ ወርዷል። በመጋረጃው የሚገባው ብርሃን ደስ ብሎት ነበር ያነሳት፤ ለማንም አላሳየም።

“ፎቶውን አትዩት፤ ፊደሉን ብቻ እዩልኝ” አለ ስብሰባው ላይ። አትይ የተባለ ዓይን መቼ ሰምቶ ያውቃል? ምክትል ዲኑ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

“ውይ ልጄን!” አሉ ኃላፊዋ።

“ይቺ እኮ እኔ ነኝ” አለ ተወካዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ባለ ሥልጣን ሳይሆን እንደ ተማሪ ተናገረ። “ፈተና ሲደርስ ልክ እንዲህ ነኝ።”

“ጌታዬ፣ ይቺ ለቦታ መያዣ ብቻ የገባች ናት።”

“ቦታውን በሚገባ ይዛዋለች” አሉ ምክትል ዲኑ። “እንዳትነካካት!”

ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ ነገር ያልተስማሙ ሰዎች፣ የማይሆነው ላይ በአንድ አፍ ተስማሙለት። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው።

እህቱ የዚያው ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሻይዋን እየጠጣች አገኛት።

“እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።”

“እህቴ ካልከኝማ ጉድ አለ። ምን ሰበርክብኝ?”

አሳያት። ብርጭቆዋን አስቀምጣ ብዙ አየችው።

“መቼ ነው ያነሳኸኝ?”

“ቅዳሜ። ተኝተሽ።”

“አፌን ከፍቼ!”

“ትንሽ እኮ ነው የተከፈተው።”

“ትንሽ? ዝንብ ቤተሰቧን ይዛ ትገባበታለች!”

“ቆንጆ ናት እኮ! ሦስቱም ወደዋታል። ድንጋይ ብታሳዪያቸው አቃቂር የሚያወጡ ሰዎች ናቸው!”

“ቆንጆ መሆኗን መች አጣሁት?” አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “ሰው ፊት ስወጣ ፊቴን ይዤው ነው የምወጣው። ይሄን ግን ሳልይዘው ነው የወሰድክብኝ። አይሆንም።”

“ሥራዬ እኮ ነው!”

“ፊቴ እኮ ነው!”

ስልኩን ኪሱ ከቶ ተናዶ ወጣ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ደመናው ፈቃደኛ ተማሪዎች ለምኖ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሊያስተኛ ተነሣ። አንደኛዋ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ሳቅ ያፈናታል። ሌላኛዋ ፊቷን ጭምድድ አድርጋ ስትጨፍን መርፌ የምትወጋ መሰለች። አንዱ ልጅ እውነትም ጭልጥ ብሎ ተኛ፤ ግን ፊቱን ክንዱ ውስጥ ቀብሮ ጸጉሩ ብቻ ቀረ። በመጨረሻ ተወካዩ ራሱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ መጣና መጽሐፉ ላይ ተጋደመ።

“ይሄ ተኝቶ ነው?” አሉ ምክትል ዲኑ ፎቶውን ሲያዩ። “እኔማ ሐኪም ልጠራለት ነበር። በል የመጀመሪያዋን መልስልን።”

“ልጅቷ አይሆንም ብላለች።”

“ማን ናት እሷ?”

“እህቴ።”

“እህትህ ከሆነችማ ምን ችግር አለው! ታትሞ ስታየው ደስ ይላታል።”

ማተሚያ ቤት ሲመለስ አለቃው ጠብቆታል፤ ስልክ ቀድሞታል። “ስማ ደመናው፣ እህትና ወንድም ተኳርፎ መታረቁ አይቀርም። ደንበኛ ግን አንዴ ከሄደ ሄደ። ዛሬ ካላወጣህልኝ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።”

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ሽፋኑ አልቆ ተቀምጧል፤ አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የቀረው። አፏ ላይ ፊደል ቢጭንስ? ሞከረው፤ የታፈነች መሰለች። መጋረጃው ጥላ ቢጥልባትስ? ብርሃኑ ሞተ፤ ከብርሃኑ ጋር ፎቶውም ሞተ። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ከመስኮቱም ሰማዩ በደንብ ይታያል። እንደ ልማዱ ሐሳብ ይዞት ሄደ። እህቱ በኮሌጁ በር ስትገባ ታየችው። በየአላፊው ብብት ሥር የራሷ ፊት ተኝቷል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኝቷል፤ የካፌው ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታል። እሷም ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠች ፊቷን ትሰበስባለች፤ ሰብስባም አትጨርስም።

ተነሣ።

“አይሆንም ጋሼ” አለው አለቃውን።

“ኮምፒውተሩስ?”

“እሱም አይሆንም መሰለኝ።”

አለቃው ጥቂት አየውና በጣቱ ወደ መቁረጫው አመለከተው።

ሽፋኑ ለአለቃው የእህት ልጅ ተሰጠ። ያ ልጅ ብልጥ ነው፤ ለማንም እምቢ አይልም። ለምክትል ዲኑ የዓለም ሉልና ችቦ፣ ለኃላፊዋ የመጽሐፍ ቁልል፣ ለተወካዩ ራሱን ተወካዩን፣ በሙሉ ልብስ፣ ጣቱን ወደ ሩቅ ቀስሮ። በአንድ ስብሰባ አለፈ። ታትሞም ሲመጣ ጠርዙን የሚያስተካክለው ደመናው ሆነ። እየቆረጠ ተሳደበ፣ እየተሳደበ ቆረጠ። አንዱንም ግን አላጣመመም፤ ማጣመም አምሮት ነበር።

መጽሔቱ በወጣ ሰሞን እህቱ አንዱን ይዛ ቤት ገባች። ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

“ይሄን ጉድ የሠራኸው አንተ ነህ?”

“አይደለሁም።”

“ተመስገን! የጫማ መሸጫ በራሪ ወረቀት ይመስላል። ማንም አያነሳውም እኮ፤ በሩ ጋ እንደተቆለለ አለ። የጥበቃው ሰውዬ እንኳ ሊቀመጡበት አነሱና አይተው መለሱት።” ቦርሳዋን አውልቃ ተቀመጠች። “እውነቴን ነው የምልህ፣ የኔዋ ትሻል ነበር።”

ደመናው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

“እምቢ ያልሽው አንቺ! ከማሽኑ ጋር ያጣበቅሽኝ አንቺ! አሁን ደግሞ ትሻል ነበር?”

“አዎ፣ እምቢ አልኩ። አሁንም ብትጠይቀኝ እምቢ ነው።” ጫማዋን ፈታች። “ግን ትሻል ነበር።”

“እና ምን ላድርግሽ?”

“ምንም። ሙያህን አወቅሁልህ አይደል? ሌላ ምን ትፈልጋለህ?”

የሆነ ሳቅ ከሆዱ ተነሥቶ ጉሮሮው ድረስ መጣበት፤ እሷን ደስ እንዳይላት ብሎ ዋጠው። አሁንም ተናዶ ነበርና።